ያልተገለጸው የአባባ አንጀት

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል እሠራለሁ፤ ሥራዬ ሐኪሞች የጻፉትን የበሽታ ስም ወደ ኮድ መመለስ ነው። ክሮንስ ለሚባለው የአንጀት ቁስለት አንድ ኮድ አይበቃም፤ ከደማ ሌላ፣ አንጀት ከዘጋ ሌላ፣ መግል ከቋጠረ ደግሞ ሌላ ነው።

አንድ ቀን ከጎረቤላ የመጡ አዛውንት ካርድ ደረሰኝ። ከ«ክሮንስ» ቀጥሎ ያለው ቃል ዶሮ የጫረችው ይመስላል። ሐኪሙን ልጠይቀው አሰብኩና ፈራሁ፤ ቁጡ ነው። ስለዚህ ሲጨንቀን የምንሸሸግባትን ኮድ መረጥኩ፤ «ውስብስብ ችግር ያለው፣ ችግሩ ያልተገለጸ»። ለአዲስ አበባ ሪፈር ወረቀታቸው ላይም እንዲሁ ታተመ።

በሳምንቱ አዛውንቱ መስኮቴ ላይ ቆሙ። ወረቀቱን አስተማሪ ልጃቸው አንብባላቸዋለች።

«ያልተገለጠ ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ አባባ፣ ምነው?»

«ስንት ጊዜ ልገለጥ? በዚያ ብርድ እስከ ደረቴ ገልጬ አሳይቻለሁ! ተማሪዎቹ ሳይቀሩ ከበው አይተውኛል!»

ሰልፉ ሁሉ ወደ መስኮቴ ዞረ። ላስረዳቸው አፌን ስከፍት «እንግዲያው አንቺም እዪው» ብለው ጋቢያቸውን መሰብሰብ ጀመሩ።

«አባባ፣ በእመቤቴ! አምኛለሁ!»

እሳቸውን አስከትዬ ወደ ሐኪሙ ወጣሁ። ካርዱን አቀረበ፣ አራቀ፣ መነጽሩን አወለቀ።

«ይሄን ማነው የጻፈው?» አለ ተቆጥቶ።

«እርስዎ ነዎት ዶክተር።»

አዛውንቱን አስተኝቶ እንደገና መረመራቸው። ከዚያ «ፊስቱላ» ብሎ በትላልቅ ፊደል ጻፈ።

አዛውንቱ ካልጋው ቀና አሉ። «ፊስቱላ? እሱ በምጥ የሚመጣው አይደል እንዴ? ልጄ፣ ስምንት ልጆች አሉኝ፤ ያማጠችው ግን ሚስቴ ናት!»

ሐኪሙ ሲስቅ ያን ቀን ገና አየሁት። ወንበር ስቦ አስረዳቸው፤ ቁስለቱ አንጀታቸውን በስቶ ሆዳቸው ላይ መውጫ እንዳበጀ፣ ስሙ አንድ ቢሆንም ከምጡ እንደሚለይ።

«ለዚህ ነዋ ሸሚዜ የሚረጥበው» አሉ ቀስ ብለው። ለካ ሽታው ሰው እንዳያውክ ብለው ከቤተ ክርስቲያንም ከማኅበርም ቀርተው ኖሯል። እኔ ከሳምንት በፊት ቁጣ ፈርቼ ፎቅ ሳልወጣ ያለፍኩት ቃል ይሄ ነበር። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ኮዱን ያኔውኑ ቀየርኩ። አዲስ አበባ ሄደው ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው፣ መድኃኒትም ጀመሩ። እኔም ያልገባኝን ቃል ይዤ ደረጃ መውጣት ለመድኩ፤ ሐኪሙ ይቆጣል፣ ግን ያነብልኛል።

ከወራት በኋላ አዛውንቱ ለክትትል ሲመጡ ፊታቸው ሞልቷል።

«ዳኑ አባባ?»

«ይረግባል እንጂ ጨርሶ አይሄድም አሉኝ። ከጎረቤቴ ጋር ያለን የወሰን ክርክርም እንደዚያው ነው፤ ይኸው ሠላሳ ዓመት ኖርንበት።»

መኪና እንዳያመልጣቸው ተጣድፈው ግንባሬን ሳሙኝና ወጡ።