የባሂራ እግር

ባሂራ ወልቂጤ ውስጥ ባንክ በር ላይ ሴቶችን ትፈትሻለች። ጎረቤቴ ስለሆነች የእግሯን ነገር ከራሷ ቀጥሎ የማውቀው እኔ ነኝ። ሦስተኛ ልጇን ስታረግዝ የባቷ ደም ስሮች አብጠው ተጠማዘዙ፤ ከወለደችም በኋላ እንዳበጡ ቀሩ። ሐኪም ቤት ስወስዳት ነርሷ ነገሩን አስረዳችን፤ ደሙን ወደ ላይ የሚያሳልፉት የደም ስር በሮች ላልተዋል፣ ስለዚህ ደሙ እግር ላይ ይጠራቀማል። እርግዝናው ጀመረው፣ ቆሞ መዋሉ አባሰው። ጠበቅ አድርጎ የሚይዝ ረጅም ካልሲ አዘዘችላትና እግርሽን ከፍ አድርገሽ እረፊ አለቻት።

እረፊ ማለት ቀላል ነው። ባንኩ ለፈታሽ ወንበር አይሰጥም። ቤት ስትገባ ደግሞ አልጋ የያዙ አማት ይጠብቋታል፤ ባሏ ሙባሪክ አዲስ አበባ ነጋዴ ነው፣ ብቅ የሚለው ለአረፋ ብቻ ነው።

ይታገሱ የሚባል ሰው መናኸሪያው አጠገብ ሆሚዮፓቲ የሚሉትን፣ እጅግ በቀጠነ መድኃኒት አድናለሁ የሚለውን ሕክምና የጀመረው ያኔ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆንማ በቀለለኝ። አግዳሚ ላይ ያስተኛታል፣ እግሯን ትራስ ላይ ከፍ ያደርግላታል፣ ከዚያ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ፍርሃቷ፣ ስለ ልጅነቷ ሳይቸኩል ይጠይቃታል። በመጨረሻ ምላስ ስር የሚሟሙ ጣፋጭ ነጫጭ ፍሬዎች ይሰጣታል። ስትወጣ እግሯ ቀሏት፣ ፊቷ ፈክቶ ነው። ሙቀቱ ያስመረራትን ካልሲ አውልቃ ተወችው።

ብዙም ሳይቆይ ቁርጭምጭሚቷ አካባቢ ቆዳው ጠቁሮ ቆሰለ። ቁስሉ አልደርቅ አለ። ነርሷ አዲስ አበባ ሄደሽ ካልታከምሽ እግርሽን ታጪዋለሽ ብላታለች፤ አማቷን ለማን ጥላ ትሂድ? አለቃዋ ካየ ሌላ ሰው ይቀጥራል ብላ በፋሻ ጠቅልላ፣ በረጅም ቀሚስ ሸፍና በሩ ላይ ትቆማለች።

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ይታገሱ ልትሄድ ስትወጣ ደሜ ፈላ። የግቢዋ በር ላይ ቆሜ አላሳልፍም አልኳት። ፍሬው ስኳር ነው፣ የሚያሽልሽ እግርሽን መስቀልሽ ነው፣ ካልሲሽን አድርጊና እኔ ቤት ተኚ ብዬ ጮኽኩባት።

ሻርፗን አስተካከለች።

"አውቃለሁ፣ ሃፊዛ። ካወቅኩ ቆየሁ" አለችኝ። "መድኃኒት ልወስድ ነው ስላቸው አማቴ ይለቁኛል። ልተኛ ነው ብልስ ማን ይለቀኛል?"

ከበሩ ዞር አልኩላትና እያነከሰች ወደ መናኸሪያው ወረደች።