የአባቴ ኮምቢ ሰዓት

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ ቡታጅራ እኛ ግቢ ውስጥ ነው።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከቡታጅራ አዲስ አበባ በኮምቢ ሰው ሲያመላልስ የኖረ ሾፌር ነው። አሁን የመርሳት በሽታ ይዞታል። የእኔ ስም ሳይቀር ይጠፋዋል። ኮምቢዋን ግን አልረሳም። ወንድሜ ኑረዲን አሳድሶ ለሰርግ ሊያከራያት ግቢ አቁሟት ስለነበር፣ አባቴ በጠዋት ተነስቶ መሪው ጋ ይቀመጥ ነበር።

"አባዬ፣ ና ቁርስ ብላ" እለዋለሁ።

"ቆይ ልጄ፣ የምወጣው አንድ ሰዓት ነው" ይልና የኮምቢዋን ሰዓት ያሳየኛል። ሰዓቱ ከተበላሸ ዘመን ሆኖታል፤ ለአንድ ሩብ ጉዳይ ላይ ቆሟል። ወላሂ፣ እስከ ቀትር በባዶ ሆዱ በብርድ ይቀመጥ ነበር። ከስቶ አለቀ።

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ካሰብኩ አላድርም። ሰዓቱ ቢሰራ አንድ ሰዓት ያልፋል፣ እሱም ተነስቶ ይበላል ብዬ ኤሌክትሪሺያን ጠራሁ።

"ይሄ አሮጌ ነው፣ አዲስ ልግጠምልሽ" አለኝ።

"ሞቼ እገኛለሁ! አባቴ ሌላ ሰዓት አያምንም።"

ኤሌክትሪሺያኑ ፈቶ አጸዳው። ሞተር ሲጠፋም እንዲሰራ ከባትሪው በቀጥታ አዲስ ሽቦ ሳበለት። ቆጠረ! እልል አልኩ።

በማግስቱ አባቴ እንደ ልማዱ ገብቶ ተቀመጠ። ሰዓቱ ወደ አንድ ሲጠጋ "አዲሳባ! አዲሳባ!" ብሎ ተጣራ። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ወደ ገበያ ስታልፍ ሰምታ፣ አላስችል ብሏት ዘንቢሏን ይዛ ከኋላው ገባች። ሌሎች ገበያተኞችም ተከትለዋት ገቡ። እኔም ገባሁ።

አንድ ሰዓት ሆነ። አባቴ "ቢስሚላህ" ብሎ እጁን አነሳ። እጁ እዚያው ቀረ። መሪውን አየ፣ እግሩ ስር አየ።

"ልጄ፣ መኪናዋ እንዴት ነበር የምትነሳው?" አለኝ።

እትዬ ዘይነባ ቶሎ ብላ "መንገድ ተዘግቷል አሉ፣ ኢንሻአላህ ነገ እንሄዳለን" አለችው።

"አትዋሺኝ። ረስቼው ነው" አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ተሳፋሪው ሁሉ አብሮት አለቀሰ።

ከዚያ ወዲያ ኮምቢዋ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ቁርሱን በሰዓቱ ይበላል፣ ሰውነቱም ተመልሷል። እኔም የፈለግሁት ይህንኑ ነበር። ግን አንገቱን ደፍቶ ሲበላ ሳየው፣ የእኔ ጉርሻ አልወርድ ይለኛል።