ያወረድኩት እጅ

በዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላ ስደተኞች በሚበዙበት ሰፈራችን ቪከሪ ሜዶ፣ በእኔ አፓርታማ የነበርነው እነዚህ ነን፦ የሴቶች ዕድራችን ሰብሳቢ፣ ሆስፒታል የሚሠሩ ሁለት እህትማማቾች፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው አዛውንት፣ እናቷ አገር ቤት የሞተችባት ጎረቤቴ፣ ቤድፎርድ ከሚባል ጎረቤት ከተማ የመጣችው ተከሳሽ፣ እኔና የቤት ሥራዋን ወጥ ቤት ተቀምጣ የምትሠራው ልጄ።

ክሱ አንድ ነው፤ የቤድፎርዷ ሴት ጎረቤቴ ቤት ለቅሶ አልደረሰችም። በደንባችን ለቅሶ ያልደረሰ ይሰረዛል። እሷ ግን በዚህ አገር ከእኛ ሌላ ዘመድ የላትም፤ ብትታመም ጠያቂዋ፣ ብትሞት ቀባሪዋ እኛ ነን።

"ትሰረዝ የምትሉ፣ እጅ!" አለች ሰብሳቢዋ።

እህትማማቾቹ አወጡ፤ እኔም ቶሎ አወጣሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም የቀበሌ ስብሰባ አልቀረብኝም፤ እዚያ እጁን ያላወጣ ሰው በዓይን ይያዛል። እማማም ጎረቤቴም አወጡ። የቤድፎርዷን ሴት ሳያት ሁለት ጊዜ አፏን ከፍታ ዘጋችው። እጄን አወረድኩ።

"ምነው? አሁን አውጥተሽ አልነበር?" አለችኝ ሰብሳቢዋ።

"አወረድኩት። መጀመሪያ እሷን እንስማት።"

"መንገድ እንኳ ብቻዋን የማትሻገር ሴት ዛሬ ጀግና ሆነች!" አለች ታናሽየዋ እህት። ሳቁብኝ። እጄን ግን መልሼ አላነሳሁም።

እማማ የራሳቸውን እጅ ቀስ ብለው አወረዱ። "እውነቷን ነው፤ ትናገራ!"

ሴትዮዋ ወለሉን እያየች ተናገረች። "መጥቼ ነበር። በር ላይ ብዙ ጫማ አይቼ፣ ለቅሶው ቤት ነው ብዬ እየጮህኩ ገባሁ።"

"የት ገባሽ?" አለቻት ሰብሳቢዋ።

"ከጎን ያለው ሕንፃ። የበሩ ቁጥር ከእሷ ቤት ጋር አንድ ዓይነት ነው። የኔፓል ሰዎች ናቸው መሰለኝ፣ እንግዳ ሰብስበዋል። ሻይ ሰጡኝ። አንዷ አብራኝ አለቀሰች። ለለቅሶው ይዤ የመጣሁትን ንፍሮም እዚያው ትቼው ወጣሁ።"

"በማግስቱስ?"

"መሥሪያ ቤቴ ሠራተኛ እየቀነሱ ስለነበር ፈቃድ መጠየቅ ፈራሁ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ይህን ለማን ይነግሩታል?"

ይህን ሰምታ ቀድማ የሳቀችው ሐዘንተኛዋ ጎረቤቴ ራሷ ናት። "ለእናቴ የኔፓል ሰው አስለቀስሽላት!" አለችና ተነስታ አቀፈቻት። ሰብሳቢዋ እንደገና "እጅ!" ስትል አንድም አልወጣም።

ሁሉም ሲሄዱ ልጄ፣ "ማሚ፣ ስኬርድ ነበርሽ፤ ግን ኖ አልሽ" አለችኝ፤ ፈርተሽም እምቢ አልሽ ማለቷ ነው። በር መቆለፌን ሦስት ጊዜ የማረጋግጥ ሰው ነኝ፤ ስለ ድፍረት የሚያመሰግነኝ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። በዚያ ቀን ኮራሁ፤ ዛሬም እኮራለሁ።

ሴትዮዋ ከዓመት በኋላ ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ ስቴት ሄደች። ስልኳ አይሠራም። የት እንዳለች የምታውቁ ካላችሁ፣ ደህና መሆኗን ብቻ ንገሩኝ።