ማተቤና የሃታው ጣሪያ

በሳምንት ስድስት ቀን ዱባይ ማሪና ላይ በገመድ ተንጠልጥዬ የሰው መስኮት አጥባለሁ። በሰባተኛው ቀን ደግሞ ሃታ ተራራ ሄጄ በነፃ እንጠለጠላለሁ። ሻርጃ፣ አል ተዓውን ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል የምንጋራው ልጆች «ስድስቱ ቀን አልበቃህም?» እያሉ ይስቁብኛል። እውነታቸውን ነው።

ጥፋቱ አብሮኝ መስኮት የሚያጥበው ኔፓላዊ ነው። ድንጋይ መውጣት ያስለመደኝ እሱ ነው። እሱ ቀድሞ እየወጣ ስንጥቁ ውስጥ ብረት ይሸጉጣል፣ ገመዱንም ተከፍቶ በራሱ በሚዘጋ የብረቱ መንጠቆ ያሳልፋል። እኔ በዚያው ገመድ ከላይ ተይዤ እከተልና ብረቱን እየነቀልኩ እሰበስባለሁ። ያው ማዳም ያዝረከረከችውን ማንሳት ነው።

የዚያን ቀን የመረጠው ድንጋይ መሐሉ ላይ እንደ ቤት ጣሪያ ወደ ውጭ የወጣ ነው። ከመነሳታችን በፊት «አንገትህ ላይ ያለውን አውልቅ» አለኝ። ማተቤን! «መጀመሪያ አንተ የእጅህን ቀይ ክር ፍታ» አልኩት። እናቴ ስትሸኘኝ፣ የቀድሞው ተበጥሶ ስለነበር፣ ጥቁር የሐር ክር ሦስት ጊዜ ገምዳ መስቀል አንጠልጥላበት «ይኼ እንኳን አንተን፣ በሬ ይይዛል» ብላ ያሰረችልኝን ማን ያወልቃል? ከሸሚዜ ሥር ከተትኩት።

ጣሪያው ሥር አቀርቅሬ ገመዱን ከመንጠቆው በማላቅቅበት ጊዜ ማተቤ ሾልኮ ወጥቶ ኖሯል። መንጠቆው ተመልሶ ሲዘጋ እሱን ይዞ ተዘጋ። ይህን ያወቅኩት ብረቱን ለመንቀል እንዲመቸኝ ወደ ውጭ ተዘርግቼ የጣሪያውን ጫፍ ከጨበጥኩ በኋላ ነው። አንገቴ አልከተል አለኝ። ብወድቅ ወገቤን ገመዱ ይይዘዋል፣ አንገቴን ግን የእናቴ ክር።

«እመቤቴ፣ ወይ እጄን ያዢ ወይ ክሩን በጥሺው» አልኩ። ሁለቱንም አላደረገች። ከላይ ያ ኔፓላዊ፣ ምንም ሳያይ፣ «ያላ! ያላ!» እያለ ያቻኩለኛል። ለሥራ ከወገቤ የማልለያትን ትንሽ ቢላ መዝዤ ማተቤን ቆረጥኩት። ወዲያው ወደቅኩ፤ ገመዱ ያዘኝ። መስቀሌ ገደል ገባ።

«ሙሽኪላ?» ብሎ ጮኸ፤ ችግር አለ ወይ ማለቱ ነው።

«ኸላስ!» አልኩት፤ አለቀ ማለቴ ነው።

ሻርጃ ስደርስ እናቴ በቪዲዮ ደወለች። አንገቴ ላይ ፎጣ ጠምጥሜ ነበር።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ብርድ ነው፣ እማዬ።»

«ዱባይ? ብርድ? አውልቀው።»

አወለቅኩና ሁሉንም ነገርኳት። ማተቡን በጠሰ፣ ካደ ብላ ትጮኽብኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን አንገቴን አተኩራ አየች።

«ባትቆርጠውስ ኖሮ?»

«ያንቀኝ ነበር።»

«ሦስት ጊዜ ገመድኩት እኮ» አለች። «በገዛ እጄ፣ ልጄን።» አለቀሰች። እኔም፣ ክፍሉ ውስጥ ሰው መኖሩን ረስቼ፣ አለቀስኩ።

በወሩ ከአገር ቤት በመጣ ሰው አዲስ ማተብ ላከችልኝ። አንዲት ነጠላ ክር ናት። ለማሰር ጠበቅ ሳደርጋት ተበጠሰች።