የአባቴ የዋና መነጽር

ባለፈው ቅዳሜ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ወደ ጉደር መውጫው ላይ ጎማው ተነፈሰና፣ ሾፌሩ "ቲቸር፣ አንቺ ተቀመጪ" እያለ ሲለምነኝ እኔ ወርጄ እስከ ጎሚስታው ድረስ አብሬው ገፋሁ። እዚያ ደጃፍ ላይ ከግንባሩ እስከ አገጩ ጥርት ያለ የፕላስቲክ መከለያ ያጠለቀ ወጣት የሞተር ሳይክል ጎማ በግራይንደር ይሞርዳል። የሞቀ ጎማ ሽታ ሌላውን ሰው ራሱን ያመዋል፤ እኔ ግን ሽታው እንደደረሰኝ አፌ ምራቅ ሞላ። ለማላውቀው ልጅ "ትፍ ብለሃል ወይ?" ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር። ነገሩ የእብድ ይመስላል፤ አባቴን ለሚያውቅ ግን እብደት አይደለም።

አባቴ ኦቦ ነገራ ጎሚስታ ነበር። የሚሠራበት ቆርቆሮ ቤት ከመኖሪያችን ፊት፣ ከአስፋልቱ ዳር ነበር፤ ምልክታችን ኖራ የተቀቡ ሁለት ያረጁ ጎማዎች ሲሆኑ፣ አንዱ ላይ ሁልጊዜ የጎረቤት ዶሮ ትተኛበት ነበር። ኮምፕሬሰሩ ሲነሳ እንደ ሽማግሌ ስለሚስል እናቴ "ይማርህ" ትለው ነበር። እኔ ገና ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ አባቴ ጊንጪ በሰው ቤት ተቀጥሮ የጭነት መኪና ጎማ በሽቦ ብሩሽ ሲፍቅ፣ ካረጀው ብሩሽ አንዲት ሽቦ ተነቅላ የግራ ዓይኑን ወሰደችው። ሐኪሙ የቀረችውን እንዲጠብቅ መክሮ ሲያሰናብተው፣ አባቴ እቤት ገብቶ ለእናቴ "ከእንግዲህ ያለ ስኮርታ፣ ያለ ተጠባባቂ ጎማ ነው የምነዳው" አላት። ሳቅን፤ ያን ዕለት ማታ ግን እናቴ እንጀራ አልበላችም። ከዚያ ወዲህ የአባቴ ቀኝ ዓይን የቤታችን ትልቁ ንብረት ሆነች። በየረቡዑ በቤታችን በሚደረገው ጸሎት ላይ የታመመ ቢኖር፣ ፈተና ያለበት ተማሪ ቢኖር፣ የመጀመሪያው የጸሎት ርዕስ ያቺ ዓይን ነበረች። "ያቺን አንዷን ጠብቅልን" ሲባል የሰሙ እንግዶች "የትኛዋ እህት ናት?" ብለው እስኪጠይቁ ድረስ።

ዘጠነኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት፣ አጨዳው አልቆ ሜዳው ሲራቆት፣ የከተማችን ባለ ሞተር ወጣቶች ውድድር ጀመሩ። በመካከላቸው ሳምንቱን ሙሉ በየቀበሌው ገበሬ ሲያስተምር የሚውል የግብርና ባለሙያ ነበረበት፤ የሞባይል ጠጋኝ ነበረበት፤ ታላቅ ወንድሜ ለሚም ነበረበት። ባዶ በርሜሎች በክብ አቁመው፣ በደረቅ አፈር ላይ አቧራውን እያቦነኑ ይዞራሉ። ችግሩ ጎማቸው ነበር። አስፋልት ላይ የኖረ ጎማ ቆዳው ጠንክሮ ይወለወላል፤ ደረቅ አፈር ላይ ሲመጣ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። አባቴ ውድድሩን "የሥራ ፈት ቅብጠት" እያለ ቢያማም፣ ያንን የደረቀ ቆዳ በስሱ ቢልጉት፣ ከሥሩ ለስላሳው ጎማ ብቅ ብሎ አፈር እንደሚይዝ የነገራቸው ራሱ ነው። ከዚያ በኋላ አርብና ቅዳሜ ደጃፋችን በሞተር ይሞላ ጀመር።

በሥራው ላይ እንደ አባቴ ጥንቁቅ ሰው አላየሁም። ጎማውን ከሞተሩ ሳይፈታ፣ በእንጨት መቆሚያው ላይ በብሎን ሳያስር ግራይንደር አያነሳም። የሽቦ ብሩሽ የሚባል ነገር ግቢያችን እንዳይገባ ከልክሎ፣ የሚሠራው በአሸዋ ወረቀት ዲስክ ብቻ ነው፤ ዲስኩን ለመቀየር ደግሞ ገመዱ ከሶኬቱ መነቀሉን በዓይኑ ማየት አለበት። አንድ ቦታ ላይ አይቆምም፤ ጎማው ከጨሰ ተቃጠለ ማለት ነው ይላል። ብናኙ በነፋሱ ከእሱ እንዲርቅ ዞሮ ይቆማል፤ አፍንጫውን በእርጥብ ጨርቅ ያስራል፤ ነጠላ ያደረገ ወይም ከረባት ያሰረ ሰው ከተጠጋ ሥራውን አቁሞ ይገስጻል። ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ጎማውን በመዳፉ ዙሪያውን ይዳብሳል፤ የተሰካ ሚስማር ወይም ብርጭቆ ካለ በእጁ ያገኘዋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያለው ሰው የሥራ መነጽር አያደርግም ነበር። ለሚ ሁለት ጊዜ ገዝቶለት ሁለቱም ሚስማር ላይ ተሰቅለው ቀሩ። ትዕቢት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ስነዘንዘው ግን ግራይንደሩን አስቀምጦ፣ "ኢንታላ ኮ" አለኝ፣ ልጄ ማለቱ ነው፣ "መነጽሩ ከትንፋሼ ጉም ይይዘዋል። ሁለት ዓይን ያለው ሰው ጉም ቢይዘው ጉም ነው ይላል። እኔን ግን ጨለማው የመጣ ነው የሚመስለኝ።" አባቴ እንደሚፈራ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

መፍትሔው የተገኘው ከመዋኛው ነው። በከተማችን በአምቦ አድጎ በፍልውሃው መዋኛ አጥር ሥር ያልዋለ የለም፤ የመዋኛው ዘበኛ ልጅ ሰናይት ደግሞ የክፍል ጓደኛዬ ስለነበረች፣ እኔ ከአጥሩ ውስጥ ነበር የምውለው። ዋናተኞቹ ወደ ውሃው ከመዝለላቸው በፊት መነጽራቸው ውስጥ ትፍ ብለው በጣታቸው ሲያሹት አይቼ ስጸየፍ፣ ሰናይት ሳቀችብኝ፤ "ጉም እንዳይዘው ነዋ!" አለች። ያን ቀን ወደ ቤት የሄድኩት በሩጫ ነው። በማግስቱ ሰናይት ባለቤቱ ረስቶት ከሄደ ከዓመት በላይ የሆነውን ሰማያዊ የዋና መነጽር አባቷን አስፈቅዳ አመጣችልኝ።

አባቴ መጀመሪያ "ጎማ ልሞርድ ነው ወይስ ልዋኝ?" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ትፍ ብሎ፣ አሽቶ፣ አጠለቀውና ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሠራ፤ ሲያወልቀው መስተዋቱ ጥርት ያለ ነበር። መነጽሩን እንደ ዕንቁላል በሁለት እጁ ይዞ ገብቶ ከአልጋው ራስጌ ሰቀለው። ጎረቤቶቻችን ግን ነገሩን በሌላ ተረጎሙት። በአገራችን ሽማግሌ ሲመርቅ ትፍ ትፍ ይላልና፣ ኦቦ ነገራ ሥራ ከመጀመሩ በፊት መነጽሩን ይመርቃል ተባለ፤ ወሬው ተዛምቶ ተወዳዳሪዎቹ ጎማቸውም ትፍ እንዲባልበት መለመን ጀመሩ። እናቴ "ጌታ ይቅር ይበላችሁ" ትል ነበር፣ እየሳቀች። አባቴ ዓይኖቹ ዙሪያ ሁለት ክብ ምልክት ይዞ ስለሚውልም "ዋናተኛው ጎሚስታ" የሚል ስም ወጣለት።

የመጨረሻው ትልቅ ውድድር ዕለት ከጠዋት ጀምሮ መብራት አልነበረም። ለሚ ያረጀ ጎማውን ፈትቶ፣ መቆሚያው ላይ አስሮ፣ ጥፍሩን እየበላ ይጠብቃል። ውድድሩ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው የሰፈሩ ልጆች በአንድ ድምፅ "መብራት መጣ!" ብለው ጮኹ። እኔ ጓሮ እግሬን እየታጠብኩ ነበር። በሩ ሥር ያገኘሁትን ጫማ አጥልቄ፣ መነጽሩን ከአልጋው ራስጌ ነጥቄ ወደ ደጅ ስሮጥ፣ አባቴ ጎማውን በመዳፉ ሳይዳብስ ግራይንደሩን አንስቷል። ገመዱ ገና አልተሰካም።

"ተይው፣ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው" አለኝ።

ገመዱን ከመሬት አንስቼ ከጀርባዬ ደበቅሁት። "ትፍ ካላልክ አልሰካም።"

"ሌንሴ፣ ማሎ!" አለ ለሚ፣ እባክሽ ማለቱ ነው፤ ሊያለቅስ ደርሷል። በአባቴ ፊት እንዲህ ቆሜ አላውቅም። በጥፊ ቢለኝ እንኳ ገመዱን እንደማልለቅ ግን አውቄያለሁ። አባቴ አየኝ፣ አየኝና መነጽሩን ተቀበለኝ። ትፍ አለ። አሸ። አጠለቀ። ሰካሁ።

ጎማውን ሁለት ዙር እንኳ አልሞረደውም። ውስጡ ተሰክቶ የኖረ፣ ቢዳብስ ኖሮ መዳፉ ያገኘው የነበረ የተበጠሰ ሽቦ ዲስኩ ላይ ሲደርስ "ጧ!" የሚል ድምፅ ሰማን፤ የአባቴ ራስ ወደ ኋላ ተወረወረ። ገመዱን ነቀልኩ። እሱ ግራይንደሩን ለቆ፣ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። እናቴ ከቤት ወጥታ የጌታን ስም እየጠራች ከጎኑ ተንበረከከች። መነጽሩን ግን አያወልቅም፤ እጁንም ከፊቱ አያነሳም። ለማወቅ ፈርቶ ነው። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ለሚ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ እኔ የነቀልኩትን ገመድ እንደያዝኩ ከአባቴ ፊት ቆሜያለሁ።

በመጨረሻ እጁን አወረደ። በቀኙ መስተዋት ላይ፣ ልክ በዓይኑ ትይዩ፣ ከጥፍር የማትረዝም ሽቦ ፕላስቲኩን ነክሳ ቀርታለች። መነጽሩን ቀስ ብሎ አወለቀ፤ ጨፍኖ ቆየ፤ ገለጠ። መሬቱን ሲያይ ቆየና "ነን አርጋ" አለ። አያለሁ ማለቱ ነበር። እናቴ ስላላመነችው፣ ወደ እግሬ በጣቱ እያመለከተ፣ "ሌንሴ፣ አንደኛው ጫማ የእናትሽ ነው" አለ።

እውነቱን ነበር። አንዱ የኔ ሰማያዊ፣ ሌላው የእናቴ ቡናማ። እናቴ እያለቀሰች ሳቀች፤ ደጃፉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ደግሞ ከሳቁ በኋላ መሬት ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ እፎይ ብዬ አላውቅም። ለሚ ውድድሩን ተወው፤ ያን ቀን ከአባቴ ጎን አልተነሳም።

ዛሬ በርሜሎቹ የቆሙበት ሜዳ ላይ ሰው ቤት ሠርቷል። ለሚ በካቺሲ መስመር ጭነት መኪና ይነዳል፤ በወር አንዴ ቢመጣ ነው። የቆርቆሮው ቤት ፈርሷል፤ ኮምፕሬሰሩም ለመጨረሻ ጊዜ ስሎ ቀረ። እሱን "ይማርህ" የምትለው እናቴ ደግሞ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት። አባቴ በዚያች በአንዷ ዓይኑ እስከ መጨረሻዋ ትንፋሿ ድረስ አያት፤ እኔ ለዚህ ብቻ ዕድሜ ልኬን አመሰግናለሁ።

ቅዳሜ ዕለት ያ ጎማ የሚሞርደው ልጅ ሥራውን ሲያቆም ጠብቄ መከለያው ጉም ይዞት እንደሆነ ጠየቅሁት። "ይይዘዋል ቲቸር፤ ያኔ ገልጬ እሠራለሁ" አለኝ። ቁጭ ብዬ ነገርኩት። ሳቀ፣ ዞር ብሎ ትፍ አለ፣ አሸው፣ አጠለቀው፤ አውራ ጣቱንም አሳየኝ።

ቤት ስደርስ አባቴ እንደ ልማዱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ የውድድር ቀን ወዲህ ከበር ስገባ ከፊቴ በፊት የሚያየው እግሬን ነው። አየ።

"ሁለቱም ያንቺ ናቸው" አለኝ።