በመዝሙር የሄድንበት የወንዝ ዳር

ኅዳር እንደገባ፣ በመጀመሪያው እሑድ፣ የጅማው ኮሌጃችን የጂኦግራፊ ክበብ ከየቡ ከተማ በላይ ያለውን ደን በወንዙ ዳር በእግር ሊጎበኝ ተነሣ። ዓላማው ክረምቱ ትቶት የሄደውን ደለል፣ የዛፎቹን ዓይነትና የቡናውን አበቃቀል አይቶ መመለስ ነበር። እኔ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ያደግሁት ደብረ ብርሃን ስለሆነ ቡናን በተክሉ ላይ ሳለ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ስማቸውን ካስመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነኝ።

አልጋው ከአልጋዬ አጠገብ የሆነው ናስር ግን የተመዘገበው ለደለሉ ብሎ አልነበረም። አባቱ አባ ዱራ የሚኖሩት እዚያው ወንዝ ዳር፣ በቡናቸው መካከል ነው። በመንደር ምሥረታው ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ወደ አዲሱ መንደር ሲወርዱ እሳቸው «ቡናዬን ለጦጣ ትቼ አልወርድም» ብለው ቀሩ። ገበሬ ማኅበሩ የሰጣቸው የመጨረሻ ጊዜ ደግሞ እየደረሰ ነው። ካልወረዱ በጠመንጃ ተይዘው ይወሰዳሉ፤ ቤታቸውም ይቃጠላል። ናስር ያለ ይለፍ ወረቀት ከጅማ መውጣት አይችልም፤ ደጋግሞ ጠይቆም ተከልክሏል። የቀረችው መንገድ ይህች የክበብ ጉዞ ብቻ ነበረች።

«የማንንም አይሰሙም፤ የእኔን ግን ይሰማሉ» አለኝ በዋዜማው ካኪ ሸሚዙን እያጠበ። «እጃቸውን ይዤ አክስቴ ቤት ካደረስኳቸው አለቀ።»

ከጅማ እስከ የቡ

ገና ሳይነጋጋ በኮሌጁ የጭነት መኪና ተጫንን። ጉም መንገዱን ሸፍኖት ነበር፤ ጉሙ ሲገፈፍ ደግሞ ቀዩ አቧራ ተተካ። ሁላችንም ካኪ ለብሰናል፤ በየከረጢታችን ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ቆሎ ይዘናል። የክፍላችን ልጅ ዘነበች ጫማዬን ትኩር ብላ አየችና፣

«አንተ የደብረ ብርሃን ሰው፣ ይሄ ጫማ ለብርድ ነው ለጭቃ?» አለችኝ።

«ለሁለቱም።»

«እንግዲያው ለሁለቱም አይሆንም ማለት ነው» አለች፤ መኪናው ሁሉ ሳቀ። ናስርም ሳቀ። በዚያ ቀን ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የቡ ስንደርስ በአንድ ሻይ ቤት ሻይ በሳምቡሳ ቀመስን። ለመንገድ ብርቱካን ገዛን፤ ሦስቱ በስሙኒ ነው። ከዚያ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ዘንድ ቀረብን። ወረቀታችንን ረጋ ብለው አነበቡ።

«መሄድ ትችላላችሁ» አሉ። «ግን በሰልፍ፣ በባንዲራና በመዝሙር ነው። በዚህ ደን ዝም ብሎ የሚሄድ ቡድን ወይ ሽፍታ ነው ወይ ከውትድርና የኮበለለ ነው። ዘቦቻችን የሚተኩሱት ዝም ባለው ላይ ነው። ድምፃችሁ ከተሰማ ማንነታችሁ ይታወቃል።»

የቡድን መሪያችን ጓድ ታደሰ፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው፣ «ይደረጋል!» አለ። እኔም ደግ ምክር መሰለኝ። ከማል የሚባል ጎልማሳ ዘብ ጠመንጃውን አንግቶ ከኋላችን እንዲሄድ ታዘዘ።

አዲሱ መንደር

መንገዱ ከወንዙ ጎን ለጎን ይወጣል። ከላይ ዋንዛውና ብርብራው፣ ከሥር ቡናው። ፍሬው ቀልቷል፤ በአንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ ከቅጠሉ ይልቅ ፍሬው ይበዛል። ጉሬዛዎች ከላያችን ሲዘሉ ነጭ ጭራቸው ብቻ ይታይ ነበር። ወንዙ ከክረምቱ ሙላት ጎድሎ በዳርና ዳሩ ቡናማ ደለል ትቷል። እየዘመርን እያየን፣ እያየን እየዘመርን ሄድን።

አዲሱ መንደር ከወንዙ ከፍ ብሎ በአንድ ሜዳ ላይ ነው። ቤቶቹ በገመድ ተለክተው በመስመር ቆመዋል። ግድግዳቸው ገና ያልደረቀ ጭቃ ነው፤ የሣር ጣሪያቸው ግን በጭስ የጠቆረ አሮጌ ነው። አንዳንዱ ጣሪያ ከግድግዳው ሰፍቶ እስከ ጉልበት ይወርዳል።

«ጣሪያው ለምን አረጀ?» አለች ዘነበች።

«የድሮ ቤታቸው ጣሪያ ነዋ» አላት ከማል። «ሰው ሁሉ ከሥሩ ገብቶ በትከሻው ተሸክሞ አወረደው። እየዘመርን ነው ያወረድነው።»

የናስር አክስት ከቤታቸው ወጡ። ናስር «አዳዳ» ይላቸዋል፤ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። መጀመሪያ ያዩት ባንዲራውን ነበር፣ ቀጥሎ ጠመንጃውን፤ ናስርን ያዩት ከዚያ በኋላ ነው። እጃቸውን ሳመ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነህ። አባትህ አለ፤ ትናንት መጥቶ ጨው ወስዷል» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን ልጄ፣ ይሄን መዝሙር ይዘህ ወደሱ አትሂድ። ጣሪያ ሊያነሡ የመጡት ሰዎች ይሄንኑ መዝሙር እየዘመሩ ነው የደረሱት። ከሰማው ወንዙን ይሻገራል።»

ናስር ወደ ታደሰ ሮጠ። አጠገባቸው ስለነበርኩ ሁሉንም ሰምቻለሁ።

«ጓድ ታደሰ፣ እስከ ወንዙ መታጠፊያ ብቻ ዝም እንበል። አለዚያ እኔ ብቻዬን ልቅደም።»

«ብቻህን? አንድ ሰው ጎድሎብኝ ብገኝ ምን እላለሁ?»

«አባቴ እኮ ናቸው!»

«ገብቶኛል። እናቴን! ክፋት አይደለም ናስር፤ እፈራለሁ።» ፊቱ በላብ ርሶ ነበር።

በመጨረሻ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ልንሄድ ተስማማን። ጥቂት እንደሄድን ግን ከማል ከኋላ ጮኸ፦

«ኢጆሌ! ልጆች! ድምፃችሁ የት ገባ? ከማዶ ያሉት ዘቦች እኮ አያውቋችሁም!»

በሹክሹክታ የሚዘመር የሰልፍ መዝሙር የለም። ታደሰ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ እኛም ተከተልን። ናስር ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅስ ነበር።

ብርብራው ሥር

የአባ ዱራ ቤት ከአንድ ትልቅ የብርብራ ዛፍ ሥር ነው። ስንደርስ በሩ ክፍት ነበር። እሳቱ ይነዳል፤ ድስቱ ውስጥ ጎደሬ ይንተከተካል። ደጁ ላይ አንድ ቅርጫት ተገልብጧል፤ ከቅርጫቱ የፈሰሰው ቀይ ቡና ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ላይ ተንጠባጥቧል።

ናስር ሰልፉን ትቶ ወደ ወንዙ ወረደ፤ ሁላችንም ተከተልነው። በወንዙ ላይ እንደ ድልድይ የተጋደመ ግንድ አለ። ከግንዱ ማዶ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ዳገቱን ይወጣሉ።

«አባኮ!» ብሎ ተጣራ ናስር። አባቴ ማለት ነው።

ሽማግሌው ቆሙ። ዞሩ። እኔም የሚያዩትን ለማየት ወደ ኋላዬ ዞር አልኩ። ቀዩ ባንዲራ አለ፤ ጠመንጃው አለ፤ በካኪ የተደረደርን እኛ አለን። ከካኪ ለባሾቹ አንዱ ልጃቸው ነው።

ናስርም ያን ጊዜ የገባው ይመስለኛል። ሸሚዙን አውልቆ ወረወረና እጁን እያውለበለበ በኦሮምኛ ጮኸ። ነጩ ኮፍያ ግን በዛፎቹ መካከል ጠፍቶ ነበር። ናስር ግንዱ ላይ ሊወጣ ሲል ከማል ክንዱን ያዘው።

«ማዶው የሌላ ማኅበር ነው። ይተኩሱብሃል። ወላሂ ይተኩሱብሃል!»

ከዚያ ከማል ወደ ሽማግሌው ቤት ተመልሶ እሳቱ ላይ ውኃ ደፋበት። «ጭሱ ከመንደር ይታያል» አለ።

ምሳችንን እዚያ ልንበላ ነበር የታሰበው። ለመብላት ከረጢቱን የፈታ ግን አልነበረም። ናስር ተንበርክኮ የፈሰሰውን ቡና ወደ ቅርጫቱ ይለቅም ጀመር፤ እኛም አብረነው ለቀምን። ዘነበች ዳቦዋን በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ድስቱ አጠገብ አስቀመጠች፤ ሸሚዙንም አንሥታ አቧራውን አራግፋ ሰጠችው።

መልሱ

ስንመለስም መዘመር ነበረብን። ታደሰ ጀመረና ድምፁ ተቆረጠበት።

«እኔ ላቀንቅን» አለ ናስር።

ዜማው ያው የሰልፉ ዜማ ነበር፤ ቃሉ ግን ኦሮምኛ ነው። እኛ የምናውቀውን አዝማች በአማርኛ እንመልስለታለን። ምን እንደሚል አላወቅሁም። ከማል ግን ያውቅ ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ሲያዛውር አየሁት። አላስቆመውም። ናስር ደኑ እስኪያልቅ ድረስ ወደ ማዶ እያየ ዘመረ፤ በመጨረሻ ድምፁ ሻክሮ የሚሰማ አልነበረም።

ምን ሲል እንደነበር መኪናው ላይ ጠየቅሁት።

«አባቴ፣ እኔ ነኝ፣ ናስር። አይሽሹ፤ አዳዳ ቤት ይውረዱ። ሌላ ምን እላለሁ?»

ጅማ የገባነው ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። ከረጢቴን ስፈታ እንቁላሉ ተሰባብሮ ከብርቱካኑ ጋር ተለውሶ አገኘሁት።

ለአባ ዱራ የተሰጠው የመጨረሻ ጊዜ ካለፈ በኋላ አዳዳ ለሐሙስ ገበያ ጅማ መጥተው በኮሌጁ በር አስጠሩን። ቤቱ ተቃጥሏል። አባ ዱራ በውስጡ አልነበሩም። ማዶ ቀፎ ለሚሰቅል ሰው ነግረውት ሄደዋል።

«መዝሙሩንስ ሰምተውታል?» አለ ናስር።

«ሰምቶታል፤ ቃል በቃል ሰምቶታል» አሉ አዳዳ። «ልጄን ጠመንጃ ከኋላው አድርገው፣ እኔን አሳልፎ እንዲሰጥ አስዘመሩት ብሏል። እኔ ቅርብ እስካለሁ እሱን አይለቁትም፤ ርቄ ልሂድለት ብሏል።»

«ወዴት?»

«ወደ ጎጀብ ይመስለኛል። እንጃ ልጄ።»

የጉዞውን ሪፖርት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስለ ደለሉ፣ ስለ ብርብራውና ስለ ቡናው በጥንቃቄ ጻፍኩ፤ ክበቡም አመሰገነኝ። ከጉዞው የተማርኩት ግን ሪፖርት ላይ የሚሰፍር አይደለም። ከዚያ ወዲህ በሰልፍ ቀን ናስር ከጎኔ ይቆማል። መዝሙሩ ሲጀመር አፉን ይከፍታል፤ ድምፅ አይወጣውም። አጠገባችን ያለው ሰው እንዳያውቅበት እኔ የሁለታችንን እዘምራለሁ።