ገመዱን አልፈው የገቡት ገላጋይ

ሽባባው ባቡር ውስጥ ተቀምጦ አያውቅም። ከሄግ ሮተርዳም፣ ከሮተርዳም አምስተርዳም ሲሄድ መቀመጫው ሁሉ ባዶ ቢሆን እንኳ በሩ አጠገብ ቆሞ፣ አንዴ በአንዱ እግሩ አንዴ በሌላው እየተደገፈ፣ መስኮቱን በጣቶቹ እየመታ ነው የሚደርሰው። መቶ አምስት ኪሎ ይመዝናል። እንዲህ ያለ ግዙፍ ሰው ውስጥ እንዲህ ያለ መቁነጥነጥ ሲኖር፣ ተራራ ከቦታው ለመነሳት ሲሞክር የማየት ያህል ይገርማል።

ደብረ ማርቆስ የስፖርት አስተማሪ ነበር። በሱዳን በኩል ወጥቶ በ1982 ሆላንድ ገባና ሮተርዳም ወደብ፣ መጋዘን ውስጥ የካካዎ ጆንያ ማውረድ ጀመረ። ሁለት ጆንያ ባንዴ ሲሸከም ያየ የሥራ ባልደረባው፣ ሄንክ ወደሚባል አንድ ሰው ወሰደው። ሄንክ ቅዳሜና እሑድ በየከተማው አዳራሽ የነጻ ትግል ትርኢት የሚያዘጋጅ ሰው ነው። ሽባባውን ዙሪያውን ዞሮ አየው፤ ቀይ ቁምጣ አስለበሰው፤ ማስታወቂያው ላይም «የአባይ ነብር» ብሎ ጻፈው።

ከዚያ በኋላ ነብሩ አራት ዓመት ሙሉ ተሸነፈ።

ለካ መሸነፍም ሙያ ነው። በጀርባ መውደቅ ይጠናል። ሳይጎዱ መጮህ ይጠናል። ማን እንደሚያሸንፍ ግን የሚወሰነው በገመድ በታጠረው መድረክ፣ ሪንጉ ላይ ሳይሆን መልበሻ ክፍል ውስጥ ነው። እዚያም ከሄንክ ጋር ቢራ የሚጠጣው ቃሉ ይሰማል፤ ስሙ በትልቅ ፊደል የተጻፈው ይሰማል። ከሁሉም በላይ የሚሰማው ሪኑስ ነው። ሪኑስ የሮተርዳም ልጅ፣ ክንዱ ላይ መልህቅ የተነቀሰ፣ ዕድሜው አርባ ሦስት የሆነ፣ የአሸናፊነት ቀበቶ የታጠቀ ሻምፒዮን ነው። እሱ አልፈልግም ያለውን ሄንክም አይፈልገውም።

ሽባባው ይህን ሥራውን ለአገሩ ሰዎች ነግሮ አያውቅም ነበር። በየሳምንቱ ስሸነፍ ኑና እዩኝ ብሎ ማን ይጠራል? በ1986 መጋቢት ላይ ግን ሄንክ ቃል ገባለት። ሄግ ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሪኑስን ትጥለዋለህ አለው። ሽባባው በዚያው ምሽት ለሚያውቀው ሁሉ ስልክ ደወለ።

አሥራ ሰባት ሰዎች መጡ። ስሎተርቫርት ከሚባለው የአምስተርዳም ሰፈር ጋሽ ወርቅአፈራሁና ባለቤታቸው እትዬ አበባይሽ ሳይቀሩ መጡ። ጋሽ ወርቅአፈራሁ አምስተልቨን በሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ ጽዳት ይሠራሉ። ባልና ሚስት ሲጋጩ፣ አብረው የሚኖሩ ወጣቶች በወጥ ቤት ሲጣሉ፣ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ትግል የሚባል ነገር ግን አይተው አያውቁም።

ሊጀመር አርባ ደቂቃ ሲቀረው ሄንክ መልበሻ ክፍል ገባና ፊቱን ሳያይ ነገሩ መቀየሩን ነገረው። የሄግ ሰው የመጣው ሪኑስን ሊያይ ስለሆነ የሚያሸንፈው ሪኑስ ነው፤ የአንተ ሌላ ጊዜ ይሆናል አለው። ሪኑስ ጥግ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ያስራል። ቀና አላለም። ሽባባው ከግድግዳ ግድግዳ ተመላለሰ፤ ክፍሉ አምስት እርምጃ ብቻ ነበር። በጓሮ በር ወጥቶ መሄድም አሰበ። ግን አሥራ ሰባቱ ሰዎች ከፊት ተቀምጠዋል።

ትግሉ ሲጀመር ከሐበሾቹ መካከል ክርክር ተነሳ። ባዩ የሚባለው፣ ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጅ፣ ሁሉም ቲያትር ነው አለ። «ጫማውን እኮ ነው ወለሉ ላይ የሚመታው። ድምፁ ከእግሩ ነው።»

ጠዓመ የሚባሉ አስመራ ያደጉ ጎልማሳ ዞር ብለው አዩት። «እስቲ ውጣና አንዴ ይጫንህ። ከዚያ በኋላ ስለ ድምፅ ታወራልናለህ።»

ሪኑስ ሽባባውን ከሪንጉ ውጭ ወረወረው፤ መልሶ አስገባው፤ በወንበር ጀርባውን መታው። ዳኛው፣ እንደ ተነገረው፣ ፊቱን አዙሮ ነበር። ጋሽ ወርቅአፈራሁ ግራ ቀኝ ተመለከቱ። ማን ተነስቶ ይገላግላል ብለው ጠበቁ። ስምንት መቶ ሰው ተቀምጦ ያያል፤ አንዳንዱም ድንች ጥብስ ይበላል። ኋላ ሲናገሩ፣ ከዱላው ይልቅ ያስደነገጣቸው የሰዉ ተቀምጦ ማየት ነበር። ተነሱ፤ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ፣ ባርኔጣቸውን ሳያወርዱ ደረጃውን ወጡ፤ ገመዱን በሁለት እጃቸው ከፍተው ገቡና በሁለቱ መካከል ቆሙ።

«በሕግ አምላክ!» አሉ።

ሪኑስ ወንበሩን እንዳነሳ ቀረ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያልተለማመደው ነገር አልነበረም፤ ይህን ግን ማንም አላስተማረውም። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ቀጥሎ ሳቀ፤ ቀጥሎ በእግሩ ወለሉን መደብደብ ጀመረ። ዳኛው የሚያደርገው ቢጠፋው ደወል አስደወለ። አሸናፊ ሳይኖር አለቀ።

ሄንክ በጣም ተደሰተ፤ ሽማግሌውን ለሮተርዳሙም ትርኢት አምጣቸው አለ። ሽባባው ልብሱን ለብሶ ወጣ። ውጭ በር ላይ ጋሽ ወርቅአፈራሁ እየጠበቁት ነበር። ለይቶ ትቶ መሄድ መገላገል አይባልም፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ያንን ሰው ይዘኸው ቤቴ ና አሉት።

ሽባባው ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣ። ረቡዕ ከሥራ ሲወጣ ብቻውን ወደ ስሎተርቫርት ሄደ።

«ጋሼ፣ ያዩት ጠብ የእውነት አይደለም። ተነጋግረን ነው የምንመታታው» አላቸው።

ጋሽ ወርቅአፈራሁ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። እትዬ አበባይሽ ሽባባው ሳይነካ ሲወድቅ አይተውት እንደነበር፣ ደክሞት ይሆናል ብለው እንዳለፉት ተናገሩ።

«ማን እንዲወድቅ ነበር የተነጋገራችሁት?» አሉ ጋሽ ወርቅአፈራሁ።

«እሱ።»

«የወደቅከው ግን አንተ ነህ።»

«በመጨረሻ ሰዓት ለአለቃችን ነግሮ አስቀየረው።»

«እንግዲያው ጠብ አላችሁ። እኔ ያየሁት አይሁን እንጂ አላችሁ። አምጣው።»

ሽባባው ሪኑስ ይስቅብኛል ብሎ ነበር። ሪኑስ የጠየቀው ስንተኛ ፎቅ እንደሆነና ሊፍት እንዳለው ብቻ ነው። ሦስተኛ ነው፣ ሊፍት የለውም። ቅዳሜ ክራባት አስሮ፣ ደረጃውን አንድ በአንድ፣ ግድግዳውን ይዞ ወጣ።

ጋሽ ወርቅአፈራሁ አንዱ ሲናገር ሌላው እንዳያቋርጥ አስጠነቀቁ። አስተርጓሚ አልነበረም፤ ስለዚህ ሽባባው የራሱን ክስ በሁለት ቋንቋ ተናገረ፤ የተከሳሹንም መልስ ራሱ ተረጎመ። ሪኑስ ጉልበቱ ማለቁን፣ ቀበቶውን አንዴ ካወለቀ ሄንክ ዳግመኛ እንደማያስታጥቀው ተናገረ። «አንተ ሠላሳ አራት ዓመትህ ነው። ጊዜ አለህ» አለ። ሽባባው ይህንን ሲተረጉም ድምፁ ቀጠነ፤ አንድ ቃል ግን አላስቀረም።

«አራት ዓመት ሙሉ በጀርባው ተኝቶልሃል፣ በለው» አሉ ጋሽ ወርቅአፈራሁ።

ሽባባው አፈረ። ልበለው ወይ ብሎ ጠየቀ። በለው አሉ። አለው። ሪኑስ መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው።

«ሰው ፊት የወሰድክበትን ሰው ፊት መልስለት» አሉ ጋሽ ወርቅአፈራሁ። ከዚያ ተነሱና ተሳሳሙ አሏቸው። ሆላንዱም ሐበሻውም በየአገራቸው ሦስት ጊዜ መሳም ያውቁ ስለነበር በዚህ አልተቸገሩም።

በሳምንቱ እሑድ ሮተርዳም ላይ፣ ሄንክ እንደተለመደው ሪኑስ ያሸንፋል አለ። ሪኑስም እሺ አለ። ሽባባው ይህን «እሺ» ሰምቶ ቁምጣውን ሁለት ጊዜ ገልብጦ ለበሰ። አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ሪኑስ ወደቀና ሳይነሳ ቀረ። ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ «ተኛብኝ» አለው። ሽባባው ተኛበት። ዳኛው አንድ ብሎ ቆጠረ፤ ሁለት አለ፤ እጁን አንስቶ መጋረጃው አጠገብ ወደቆመው ሄንክ አየ፤ የሪኑስ ትከሻ ከወለሉ አልተነሳም። ሌላ የሚደረግ አልነበረም። ሦስት። ዳኛው ቀበቶውን ለሽባባው አስታጠቀው።

አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። የሪኑስ አገር ነው። የድንች ጥብስ ወረቀት እየተጠቀለለ ይወረወር ጀመር፤ ተነጋግረው ነው፣ ተገዝቷል ይላሉ። ሽባባው አራት ዓመት ሙሉ ሲሸነፍ ተነጋግረው ነው ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ቲያትር ነው ሲል የነበረውና ዛሬም የመጣው ባዩ ወንበር ላይ ወጥቶ፣ ይህስ የእውነት ነው፣ ገና አሁን ነው የእውነት የሆነው እያለ ከማያውቃቸው ሆላንዶች ጋር ይጨቃጨቃል። ጠዓመ በሸሚዛቸው እጅጌ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ከመጋረጃው ኋላ ሄንክ ፊቱ ደም መስሎ ነበር። ሽባባውን አልፎ ሪኑስ ላይ ተተከለ፤ ማን ፈቀደልህ አለው።

«ስሎተርቫርት፣ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ ሰውዬ» አለ ሪኑስ፣ ጉልበቱን ይዞ ወንበር እየፈለገ።

ሄንክ ሁለታችሁንም ከእንግዲህ እንዳላያችሁ አለ። ሽባባው ፊቱን ወደ መጋረጃው አዞረ። ሰዉ ገና እየጮኸበት ነበር፤ መጋረጃውን ገለጠና ቀበቶውን እንደታጠቀ ጩኸታቸውን አንድ ጊዜ ሊሰማ ተመልሶ ወጣ።